የአባቴ ቮልስ ክሮም ቸርኬዎች፦ ከጥር እስከ ሰኔ

ጥር 17/2017

መኪናዋ የአባቴ ናት። ቮልስ 1300፣ በፈረንጅ የ1966 ሞዴል። ሞተሯን አምና ጨረስኩ። ቀለሟ ከገና በፊት አለቀ። የቀራት እግሯ ነው።

አባቴ በጎረምሳነቱ ክሮም ቸርኬ አስገብቶላት ነበር። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። እሱ በሩን ተደግፎ ቆሟል፣ ቸርኬው ከሱ ጫማ በላይ ያበራል። ዛሬ ከአምስቱ ሁለቱ ብቻ ክሮም ናቸው፤ እነሱም ፈንጣጣ የያዛቸው ይመስላሉ። ሦስቱ የብር ቀለም የተቀቡ ናቸው፣ ባለፉት ዓመታት ከየጋራዡ የተለቃቀሙ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ፋብሪካው ቮልስን በክሮም ቸርኬ አላወጣትም። ቸርኬዋ ቀለም የተቀባ ብረት ነበር፤ ክሮም የነበረው የመሃሉ ክዳን ነው። የክሮም ቸርኬው ፋሽን ከፖርሽ 356 የተቀዳ ነው። ያ ፖርሽ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ድረስ እንደ ቮልስ አምስት ብሎን በ205 ሚሊሜትር ክብ ላይ ነበረው፤ ጨምሮ ለከፈለ ሰው ደግሞ ክሮም የተለበጠ ቸርኬ ይገኝለት ነበር። ቀዳዳው ስለሚገጥም የቮልስ ባለቤቶችም ተከተሉ። ስለዚህ "ኦርጅናሏን አበላሸሃት" የሚለኝ ካለ አልከራከርም። እኔ የማድሰው ፎቶው ላይ ያለችውን ነው።

ዕቅድ፦ አምስት ክሮም ቸርኬ፣ አራት ለእግር፣ አንድ ለስኮርታ። በጀት 40,000 ብር። ጊዜ እስከ ፋሲካ።

ጥር 24

ዛሬ መለካት ብቻ። ቸርኬዎቹን በጠመኔ ከ1 እስከ 5 ቁጥር ሰጠኋቸው። 1 እና 2 አሮጌዎቹ ክሮሞች ናቸው።

ባለ አምስት ቀዳዳ ቸርኬ ላይ የብሎኑን ክብ በቀጥታ መለካት አይቻልም፤ ቀዳዳ ከቀዳዳ ፊት ለፊት አይተያይም። መላው ቀላል ነው። የሁለት ጎረቤት ቀዳዳዎችን ርቀት ከመሃል መሃል ለካ። 120.5 ሚሊሜትር ከመጣ ክቡ 205 ነው። ካሊፐር ከሌለ የልብስ ሰፊ ሜትርም ይበቃል፤ ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ የቮልስ ልክ የለም።

ቀጥሎ መጣመም። የፊቱን እግር በክሪክ አነሳሁ። ድንጋይ ላይ ሚስማር በሽቦ አሰርኩና ጫፉን ወደ ቸርኬው ከንፈር አስጠጋሁ። ከዚያ በእጅ ማሽከርከር። በሚስማሩና በቸርኬው መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋና ሲጠብ ታያለህ። ቁጥር 2 ወደ ጎን 2.5 ሚሊሜትር ይወዛወዛል። ቁጥር 4 ወደ 4 ሚሊሜትር፤ ይሄ የጉድጓድ ሥራ ነው። 1፣ 3 እና 5 ከ1 ሚሊሜትር በታች ናቸው፣ ደህና።

አባቴ ከበረንዳው እያየ "በኛ ጊዜ መሪው ካልተንቀጠቀጠ ደህና ነው እንል ነበር" አለ።

የካቲት 1

መርካቶ። ጠዋት ሱማሌ ተራ፣ ከሰዓት ምናለሽ ተራ።

የያዝኩት፦ ካሊፐር፣ ማግኔት፣ በቲነር የራሰ ጨርቅ በፌስታል፣ ሲባጎ። ማግኔቱ ምንም አልጠቀመኝም፤ ሁሉም ብረት ነው። ጨርቁ ግን ዋጋውን አወጣ።

አሥራ አንድ የቮልስ ቸርኬ አየሁ። ሰባቱ ባለ አራት ብሎን ናቸው። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ቮልስ ወደ አራት ብሎን፣ 130 ሚሊሜትር ክብ ዞራለች። ዛሬ ገበያ ላይ የሚበዛው እሱ ነው። ሻጩ ሁሉ "ቮልስ ቮልስ ነው፣ ይገባል" ይላል። አይገባም።

አንዱ ጋ በጣም የሚያምር "ክሮም" አገኘሁ። ስድስት ሺህ ጠራ። "ጀርመን ነው፣ እጅ ያልነካው።" ጀርባውን አዞርኩና ጨርቁን ክዳኑ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አሻሸሁ። ጨርቁ ብርማ ሆነ። የቆርቆሮ ስፕሬይ ነው። ልጁ አላፈረም። "ወንድሜ፣ ለዓይን ያው ነው" አለኝ። በዚህ እንኳ ልክ ነው፤ እስከሚቀጥለው እጥበት ድረስ።

ከቀሩት አራት ባለ አምስቶች ሁለቱን ገዛሁ። ቀለም የተቀቡ፣ ቀጥ ያሉ። ክዳኑ ከሚሸፍነው ክፍል ላይ የልኩ ማህተም በደንብ ይነበባል፤ 4 ጄ በ15፣ ማለትም ስፋቱ 4 ኢንች፣ ዲያሜትሩ 15 ኢንች። ዙሪያቸው ረጃጅም ጠባብ መስኮቶች አሉት፣ ከ1966 ሞዴል ጋር የመጣው ዓይነት። መጣመማቸውን እዚያው ያየሁት ቸርኬውን መስታወት ላይ አስተኝቼ ነው። ባለሱቁ የመስታወት ጠረጴዛውን እንድጠቀም ስለፈቀደልኝ አመሰግነዋለሁ። አንዱ 3,800፣ ሁለቱ 7,600 ብር። ቁጥር 6 እና 7 ሆኑ።

የካቲት 8

ከቀላሉ ጀመርኩ፣ ከመሃል ክዳኖቹ። አራት ክዳን አለኝ፣ ሁሉም ላይ ላዩን የዛጉ። የወጥ ቤት ፎይል በትንሹ ቀድጄ፣ አጨማድጄ፣ ውሃ ነክሬ ማሸት። ጥቁር ጭቃ ይወጣል፣ ዝገቱ ይነሳል፣ ክሮሙ አይጫርም። ሦስቱ ተመለሱ። አራተኛው ላይ ዝገቱ ሲለቅ ክሮሙም አብሮ ተላቆ ብረቱ ታየ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ክሮም ራሱ አይዝግም። የሚዝገው ከሥሩ ያለው ብረት ነው፤ ዝገቱ በቀዳዳ በቀዳዳው ወደ ላይ ይወጣል። ፎይል የወጣውን ይጠርጋል፣ ቀዳዳውን ግን አይደፍንም። ቁጥር 1 እና 2ን ስሞክራቸው ሲጸዱ ይበልጥ አስቀየሙ። ጉድጓዶቹ በሙሉ ታዩ።

የካቲት 15

ቀለም የተቀቡትን በኤሌክትሪክ ማጽዳት። የፕላስቲክ በርሜል፣ ውሃ፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ 12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር። ኔጋቲቩ ቸርኬው ላይ፣ ፖዘቲቩ አሮጌ ፌሮ ላይ። ዝገቱ በአንድ ሌሊት ይለሰልሳል፣ ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ይነሳል። ጋዝ ስለሚያወጣ ውጭ ነው የሠራሁት። ለፖዘቲቩ ስቴንለስ አትጠቀሙ፤ ውሃው ውስጥ መርዛማ ክሮም ይለቃል። በዚሁ ምክንያት ክሮም ያለበትንም ቸርኬ በፖዘቲቭ አታስሩ። ውሃው ቢጫ ከሆነ ጉድ ፈልቷል ማለት ነው።

ቁጥር 6 እና 7 እንደ አዲስ ሆኑ። ቁጥር 3ን ማታ ደክሞኝ ሳስር ሽቦዎቹን አቀያየርኩ። ጠዋት ፌሮው ተወልውሎ፣ ቸርኬው ተበልቶ ጠበቀኝ። የከንፈሩ ጠርዝ ብስኩት መስሏል። አሁን የበረንዳ አበባ ተተክሎበታል።

ሁለቱን ሽቦዎች በቀይና በጥቁር ፕላስተር ጠቀለልኳቸው። ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝ።

የካቲት 22

ክሮም የሚለብጥ ቤት አገኘሁ። በአብዛኛው የሚሠሩት የወንበር እግርና የአልጋ ቧንቧ ነው። "ቸርኬ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ?" "ምን ልዩ ነገር አለው?" መልሱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር። አልሰማሁትም።

አንዱ 3,500 ብር፣ ሦስት ቀን። ቁጥር 1 እና 6ን ሰጠሁ።

ሠራተኛው ጓንት የለውም። እጁን ቢጫ ውሃ ውስጥ እስከ አንጓው ይከታል። ያ ክሮሚክ አሲድ ነው፤ ካንሰር የሚያመጣው የክሮም ዓይነት። አውሮፓ ውስጥ ከመስከረም 2017 በፈረንጅ ወዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ መጠቀም ክልክል ነው። በማግስቱ ሁለት ጥንድ ወፍራም ጓንት ወሰድኩላቸው። ሰውዬው ተቀብሎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው።

የካቲት 27

ወጡ። መስታወት ናቸው። አባቴ ቁጥር 6 ላይ ፊቱን አይቶ ጺሙን ዳበሰ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየ። እኔም ጉራዬን ነዛሁ።

መጋቢት 6

ሁለቱን ከኋላ አስገባሁ፣ አሮጌ ጎማ እንዳጠለቁ። ክዳኑን በመዳፌ ስመታ ቁጥር 1 ላይ ካሉት መያዣ ክሊፖች አንዱ ጠቅ ብሎ ተሰበረ። የድሮ ብረት ነው አልኩ።

መጋቢት 20

የድሮ ብረት አይደለም።

የበልግ ዝናብ ሦስት ቀን ጣለ። ዛሬ ጠዋት ስወጣ ሁለቱም ቸርኬ ያለቅሳል። የመሃሉ ሳህን ከውጪው ቀለበት ጋር ከተጣበቀበት ስፌት ቡናማ ውሃ እየወረደ ክሮሙ ላይ መስመር ሠርቷል። ቁጥር 6 ጎማው በአንድ ሌሊት ተንፍሷል። በመስኮቶቹ ውስጠኛ ጥግ ላይ ክሮሙ ከመጀመሪያውም አልደረሰም፤ አመድማ ነው። በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ተላጠ።

ጎማውን አስፈትተን ስናየው ጎማው የሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ ክሮሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል። አየሩ በዚያ ነው የወጣው። ጎሚስታው "ይሄን ያህል የሚያበራ ነገር አየር አይዝም" ብሎ ሳቀ።

ወደ ክሮም ቤቱ ተመለስኩ። ሰውዬው "ዝናብ ነው፣ ምን ላድርግ?" አለኝ። ቸርኬ ዝናብ ካልነካው ምን ሊነካው ነው? ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ 3,000 መለሰልኝ። ይሄም ቀላል አይደለም።

መጋቢት 27

ይሄን ሳምንት ሙሉ ስጠይቅ ዋልኩ። አጎቴ በድሮ ጊዜ የመኪና ፓራውልት ሲለብጡ የኖሩ ጡረተኛ ሽማግሌ ጋ ወሰደኝ። ቡና እየተፈላ ቁጥር 6ን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አገላበጡት።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ መዳብ አላየም" አሉኝ።

"እንዴት አወቁ ጋሼ?"

የተላጠውን አሳዩኝ። ከክሮሙ ሥር ስስ ኒኬል፣ ከኒኬሉ ሥር ወዲያው ብረት። መዳብ ቢኖር ቀይ ይታይ ነበር። ደህና ሥራ ሦስት ንብርብር ነው። መዳቡ ጭረቱን ይሞላል፣ ይወለወላል። ዝገቱን የሚከለክለው ኒኬሉ ነው፤ ለመኪና ከ25 እስከ 30 ማይክሮን (አንዱ የሚሊሜትር ሺኛ ነው) ሊደርስ ይገባል። ክሮሙ ከላይ ግማሽ ማይክሮን እንኳ አይሞላም። ቀለም ለመስጠትና ኒኬሉ እንዳይጫር፣ እንዳይደበዝዝ ነው። ሰው ግን የሚገዛው ያንን ግማሽ ማይክሮን አይቶ ነው።

የቀረውንም አንድ በአንድ አስረዱኝ።

የስፌቱ ለቅሶ፦ አሲድ ነው። ቸርኬ ሁለት ብረት ተደርቦ የተሠራ ነው። ገንዳ ውስጥ ሲገባ አሲዱ በስፌቱ ይሰርጋል፣ ላይ ላዩን ሲታጠብ አይወጣም። ቆይቶ ከውስጥ ይበላል። በሶዳ ውሃ መዘፍዘፍ፣ በፈላ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ከዚያ ሙቀት ውስጥ ማድረቅ አለበት።

የክሊፑ መሰበር፦ ክሊፑ የስፕሪንግ ብረት ነው። ጠንካራ ብረት አሲድና ገንዳ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጅን ይጠጣል፣ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ወይ ወዲያው ወደ 190 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት መቆየት አለበት፣ ወይ ጭራሽ ገንዳ ውስጥ አይገባም። እኔ ሳልነቅለው ሰጠሁ። ይሄ የኔ ጥፋት ነው።

የመስኮቱ ጥግ፦ ክሮም ገንዳ ውስጥ ኩርባ አይወድም። ኤሌክትሪኩ ወደ ወጣ ያለው ጠርዝ ይሮጣል፣ ወደ ጥጉ አይገባም። የቸርኬ ለባጭ ለጥጉ የሚሆን ተጨማሪ አኖድ (የፖዘቲቩ ብረት) ቀርጾ ይዞ ይገባል። የወንበር እግር ለባጭ ይሄ አያስፈልገውም።

ለመፈተኛ የሰጡኝ ዘዴ ገንዘብ አይጠይቅም። ጨርቅ በጨው ውሃ ንከር፣ ቸርኬው ላይ አልብስ፣ አሳድር። ጠዋት ቡናማ ነጥብ ካየህ ቀዳዳ አለው። አንድ ጓደኛዬ የመኪና ቀለም ውፍረት መለኪያ አምጥቶ ነበር፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። መሣሪያው በማግኔት ነው የሚሠራው፤ ኒኬልም ማግኔት ስለሚስብ ከብረቱ ጋር ይምታታበታል።

ቁጥር 1ን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉድጓዱ በዝቷል፤ እስኪሞላ ድረስ መዳብ መጫን ከቸርኬው ዋጋ በላይ ነው። አስቀመጥኩት።

ሚያዝያ 14

ፋሲካ አለፈ፣ መኪናዋ በብር ቀለም ቸርኬ ቆማለች። ግን የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ መጣ፣ ሁለት አዲስ ቅጂ ቸርኬ ይዞ። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ በፈረንጅ 2003 ነው የወጣችው። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ የማይባዛ ዕቃ የላትም። 15 በ4 ተኩል፣ አምስት ብሎን በ205፣ ክሮም። አንዱ 120 ዶላር። ሁለቱን ከነካርቶናቸው ልብሱ መካከል ከተታቸው፤ 23 ኪሎ ከሚፈቀድለት ሻንጣ 16ቱን እነሱ ወሰዱ። እናቴ ያዘዘችውን የቡና ማሽን ለዚህ ሲል ተወው። ገና አልነገርናትም።

ኤርፖርት ፈታሹ ካርቶኑን አስከፍቶ "የምን መኪና ነው?" አለው። "የቮልስ።" ፈታሹ የአባቱን ቮልስ ታሪክ አምስት ደቂቃ አወራው።

ምርመራ፦ መጣመም 0.6 ሚሊሜትር። የብየዳው መስመር ሙሉ ነው። ጀርባው፣ የጎማው ውስጥ ክፍል ሳይቀር ተለብጧል። ርካሽ ቅጂ የሚታወቀው እዚህ ነው፤ ፊቱን ይለብጡና ሆዱን ጥሬ ይተዉታል። የጨው ጨርቅ አሳደርኩ፤ አንድም ነጥብ የለም።

ታዲያ ችግሩ የት መጣ? ብሎኑ ጋ።

የቮልስ ቸርኬ በዳዶ አይታሰርም፣ ብሎኑ በቀጥታ የፍሬኑ ታምቡር ውስጥ ይገባል። የኛ ብሎን ጭንቅላቱ ሥር እንደ ኳስ ክብ ነው፣ የፋብሪካው ቸርኬ ቀዳዳም እንዲሁ። የቅጂው ቀዳዳ ግን እንደ ሾጣጣ ቀጥ ብሎ የወረደ ነው። የብሎኑን ክቡን ክፍል በማርከር ቀለም ቀባሁ፣ አጠበቅኩ፣ ፈታሁ። ቀዳዳው ውስጥ የታተመው እንደ ክር የቀጠነ ቀለበት ብቻ ነው። ይሄ ሲጠብቅ የጠበቀ ይመስላል፣ ሲነዳ ይላላል። ክሮሙም እዚያው ተፈጭቶ ያልቃል።

ቶርኖ ቤት "ክቡን ቆርጬ ሾጣጣ ላድርግልህ" አለኝ። እምቢ አልኩ። የቸርኬ ብሎን በሙቀት የጠነከረ ነው፤ አንገቱን ቆርጠህ ሕይወትህን ብትሰቅልበት አይመከርም። የአክስቴ ልጅ ለሌላ መንገደኛ አስይዞ አሥር ባለ ሾጣጣ ብሎን እንዲልክ ተስማማን። ኤም 12 (ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር)፣ ጥርሱ 1.5። ሦስት ሳምንት መጠበቅ።

ሁለተኛ ነገር፣ የቫልቮላው ቀዳዳ ሰፊ ነው። ጎሚስታው ጋ ያለው የተለመደው ቲአር 413 ገብቶ ይጨፍራል፤ ቲአር 415 ነው የሚፈልገው። ይሄ መርካቶ በ80 ብር ተገኘ።

ግንቦት 2

ሁለተኛው ክሮም ቤት። ሽማግሌው ናቸው የጠቆሙኝ። ትልቅ አይደለም፣ ግን መዳብ፣ ኒኬልና ክሮም ለየብቻ ገንዳ አላቸው፣ ሠራተኞቹ ጓንትና ጭምብል ያደርጋሉ። አንዱ 6,500 ብር። ቁጥር 6 እና 7ን ለመስጠት ተስማማሁ። የ6ን አሮጌ ልባጥ እነሱ ያወልቃሉ።

ከመለበጡ በፊት ብረቱን ማለስለሱን ራሴ ሠራሁት። ዋጋ አስቀነስኩ ብያችሁ ነበር? አላልኩም። ምክንያቱም አላስቀነስኩም፤ ዋጋው ያው ነው፣ እነሱ ግን በፍጥነት ይፈጩታል ብዬ ፈራሁ። የመስኮቱን ጠርዝ በግራይንደር ክብ ካደረጉት ቅርጹ ጠፋ ማለት ነው። ቀናት ፈጀብኝ። የብርጭቆ ወረቀት 120፣ 240፣ 400፣ ከዚያ የሲሳል (የቃጫ) ዲስክና የመወልወያ ፓስታ። ከንፈሩ ላይ የነበረች አንዲት ጭረት "መዳቡ ይሞላታል" ብዬ ተውኳት። በኋላ እንደታየው አልሞላትም። ዛሬም አያታለሁ፣ ሌላ ሰው አያያትም።

ክሊፖቹን ነቅዬ አስቀመጥኩ። ጎማው የሚቀመጥበትን ጠርዝና ታምቡሩ ላይ የሚያርፈውን ፊት እንዳይለበጥ በማሸጊያ ቀለም እንዲሸፍኑልኝ ጠየቅኩ። አልተገረሙም። ደስ አለኝ።

ግንቦት 9

ኒኬሉ የሚገባበት ቀን ስለነበር ሄጄ ቆምኩ። ሥራው የሰዓት ጉዳይ ነው። እነሱ በሚሰጡት ኃይል ኒኬሉ በደቂቃ 0.8 ማይክሮን ያህል ይጭናል፤ 30 ለመድረስ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ክሮሙ ግን ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት ኒኬሉን ስንት ደቂቃ እንዳቆየው መገመት ትችላላችሁ።

በ22ኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ።

እኔ "ሲመጣ ቀጥሉበታ" አልኩ። የክሮም ቤቱ ባለቤት እጇን አወዛወዘች። ኒኬል ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ገጹ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። በላዩ ሁለተኛ ኒኬል ብትጭን ከመጀመሪያው ጋር አይያያዝም፤ ከወራት በኋላ እንደ ወረቀት ይለያያል። ሁለቱንም አወጣች። ጀነሬተሩ ለክሮም ገንዳው ብቻ ነው የሚበቃው። "አውልቀን ከመዳቡ እንጀምራለን፣ ሂሳብ አልጨምርብህም" አለች። ላለመናገር ትችል ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር።

ግንቦት 20

ወጡ። ስፌቱን በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ዘፍዝፈው፣ ሦስት ጊዜ በፈላ ውሃ አጥበውታል። እኔ ደግሞ የሰፈራችን ቀለም ቤት የመኪና ቀለም የሚያደርቅበት ክፍል ውስጥ በ60 ዲግሪ ሙሉ ቀን አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ከጀርባ በኩል ስፌቱን በማሸጊያ ማስቲካ ዞርኩት።

የጨው ጨርቅ፦ ቁጥር 7 ምንም። ቁጥር 6 ከአንዱ መስኮት ጥግ ላይ አንዲት ነጥብ፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል። ለመመለስ አሰብኩ። ተውኩት።

ቀለማቸው ከቅጂዎቹ ይለያል። የአሜሪካዎቹ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ፣ የኛዎቹ ትንሽ ሞቅ ይላሉ። ክሮሙ ሲሳሳ የኒኬሉ ቢጫነት ይታያል። አንድ ጓደኛዬ "ቅጂዎቹን በግራ፣ የኛዎቹን በቀኝ አድርግ፤ ማንም ሰው ሁለቱን ጎን አንዴ አያይም" አለኝ። ብልጥ ሐሳብ ነው። ግን ስፋታቸው 4 እና 4 ተኩል ነው፣ የጥልቀታቸው ልክም ይለያያል። በአንድ አክስል ላይ ማቀላቀል አልፈለግኩም። ቅጂዎቹ ከፊት፣ የኛዎቹ ከኋላ።

ግንቦት 28

ብሎኖቹ መጡ፣ 4,500 ብር። የማርከሩን ሙከራ ደገምኩ፤ አሁን ሙሉ ቀለበት ታተመ። ዙሩንም ቆጠርኩ። ብሎኑ የራሱን ውፍረት ያህል፣ ለኛ ቢያንስ ስምንት ዙር፣ ታምቡሩ ውስጥ መግባት አለበት። 11 ገባ። በጣም ከረዘመ ደግሞ ውስጥ ወጥቶ ፍሬኑን ይነካል፤ ታምቡሩን በእጅ አዙሬ አዳመጥኩ፣ ጸጥ ያለ ነው።

ጎማ 165 አር 15፣ አራት። ጎማው ከዚህ በጀት ውጭ ነው፣ አትጠይቁኝ። ቅጂዎቹ ያለ ካላማዳሪ ያዙ። ለ6 እና ለ7 ካላማዳሪ አስገባሁ፤ የድሮ ቸርኬ ጎማውን ጠርዝ ላይ የሚያግድ ጉብታ የለውም፣ አላምነውም።

ባላንስ ላይ ደግሞ አዲስ ቀልድ። ሦስት ቦታ ሄድኩ። የቮልስ ባለ አምስት ብሎን ቸርኬ መሃሉ ባዶ ነው፤ የማሽኑ ሾጣጣ የሚይዘው ነገር የለም፣ ልዩ መያዣ ይፈልጋል። ማንም የለውም። አራተኛው ጎሚስታ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የድሮውን ዘዴ ተጠቀሙ። ቸርኬውን የፊት እግር ላይ አስሮ፣ ፍሬኑን አላልቶ፣ በነጻ እንዲሽከረከር መተው። ከባዱ ጎን ወደ ታች ይቆማል። ከላይ እርሳስ ትለጥፋለህ፣ የትም ቦታ እስኪቆም ድረስ። የሚለጠፈውን ዓይነት ከውስጥ በኩል አደረግን። በመዶሻ ከንፈሩ ላይ የሚነከሰው እርሳስ ክሮሙን ይሰነጥቃል፣ ዝገት የሚጀምረውም እዚያው ነው።

ሰኔ 7

100 ኪሎሜትር ነዳሁ። ደብረ ዘይት ደርሶ መልስ። በ80 መሪው አይንቀጠቀጥም። ብሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ ፈተሽኩ፤ ከኋላ ሁለቱ የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ላልተው ነበር። የተለበጠ ቀዳዳ መጀመሪያ ላይ ይጨመቃል፣ የሚጠበቅ ነው። ከ100 በኋላ በድጋሚ አያለሁ።

ሂሳብ። የመርካቶ ሁለት ቸርኬ 7,600። የመጀመሪያው ክሮም ቤት፣ የመለሰልኝ ተቀንሶ፣ 4,000። ቅጂዎቹ በብር ሲመታ 32,000 ገደማ። ብሎን 4,500። ሁለተኛው ክሮም ቤት 13,000። ወረቀት፣ ዲስክና ፓስታ 3,200። ካላማዳሪ፣ ቫልቮላ፣ ባላንስና ማድረቂያው አንድ ላይ 3,400። ጠቅላላ 67,700፣ ለአራት ቸርኬ። ስኮርታው ቁጥር 5 ነው፣ የብር ቀለም እንደተቀባ ኮፈን ሥር ተኝቷል።

እንደገና ብጀምር ሁለቱንም ዓይነት አልቀላቅልም ነበር። ወይ አራቱንም ከአሜሪካ አስመጣለሁ፣ ወይ አራቱንም ሁለተኛው ቤት። ዋጋው የኛው ይረክሳል፦ ቸርኬው 3,800፣ ልባጡ 6,500፣ ማለስለሻው 1,600፤ ከ12,000 በታች። ቅጂው 16,000፣ ከነብሎኑ 18,250። ቅጂው ቀጥ ይላል፣ የኛው ከመኪናዋ ጋር ይመሳሰላል። አባቴን ጠየቅኩት። ሁለቱንም ጎን ዞሮ አየ፣ ቁጭ ብሎ የኋላውን ቸርኬ በጣቱ መታ። "ይሄኛው ነው" አለ። 6 ነው።

ሰኔ 14

ክረምቱ ገባ። ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጠዋት በባትሪ መብራት ዞርኩ። ስፌቱ ደረቅ ነው። ቁጥር 6 ላይ ያቺ ነጥብ አለች፣ አልሰፋችም። በማርከር ከበብኳትና ቀኑን ጻፍኩባት።